ክር ተበጠሰ፣ ማሽን ይቁም

እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ ማታቱ ውስጥ ነው። አትሳቁብኝ። ማታቱ ስላችሁ የናይሮቢውን ሚኒባስ፣ የቲካ መንገዱን ነው፤ ያ ድምፅ ማጉያው ወንበር ሥር የተቀበረው፣ ተሳፋሪው ጆሮውን ደፍኖ፣ ሆዱ በሙዚቃው ምት እየዘለለ የሚጓዝበት። ሰው ሁሉ «ኧረ ቀንሱት!» ይላል። እኔ ገና ሞተሩ ሲነሳ አንገቴ ይታጠፋል። ቢሮዬ ዌስትላንድስ ነው፣ ቤቴ ካሳራኒ። ከመሃል ከተማ ቤቴ እስክደርስ እንደ ጡት ልጅ ተኝቼ ነው የምሄደው። አንድ ሰሞን ሙዚቃ ቀንሱ የሚል ሕግ ወጣና ማታቱዎቹ ጸጥ አሉ። ሕዝቡ እፎይ አለ። እኔ ግን ዓይኔ ደም መስሎ ሥራ መግባት ጀመርኩ። አለቃዬ «ጌታሁን፣ መጠጥ ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ጸጥታ አመመኝ ይባላል?

ኋላ ሙዚቃው ቀስ እያለ ተመለሰ። እኔም ዳንኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የሽመና ክፍል ሰው። በኛ ጊዜ «ፋብሪካው» ከተባለ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሽመና ክፍል ስገባ ከሁለት መቶ በላይ ማሽን በአንድ ጣራ ሥር ይንጫጫ ነበር። ጫጫታ ስላችሁ የምታውቁት ጫጫታ አይምሰላችሁ። ሰው ጆሯችሁ ሥር ሆኖ ቢጮህ ትንፋሹ ይሞቃችኋል እንጂ ቃሉ አይሰማችሁም። የመጀመሪያ ቀን ከፈረቃ ስወጣ እናቴ ምሳ ብላ ስትለኝ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ አየሁ። ደንቆርኩ ብዬ አለቀስኩ።

ታዲያ እዚያ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰው ሳያወራ ይውላል? የድሬ ሰው? አቦ ተዉን! በከንፈር እናወራ ነበር። ድምፅ የለም፤ ከንፈር ብቻ፣ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ፣ ትንሽ ዓይን ተጨምሮበት። በስድስት ማሽን ርቀት ሐሜት ይተላለፋል። በአሥር ማሽን ርቀት ቡና እንጠጣ ይባላል። ትከሻን መታ መታ ማድረግ «ካቦው መጣ» ነው። ካቦ የሚባለው የፈረቃው አዛዥ ነው፤ ሁሉን የሚቆጣ፣ ማንንም የማይሰማ። ሊሰማም አይችልም ነበር፣ ከንፈር ማንበብ አልተማረም። ፊቱ ቆመን ስንሰድበው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ያን የመሰለ ነፃነት የት አገር አለ?

ሚስቴን ጥሩነሽን ያገኘኋት እዚያ ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ እኔ ሁለተኛው ላይ። ስድስት ወር በከንፈር አወራን። በከንፈር ቀለድኩ፣ በከንፈር ተኳረፍን፣ በከንፈር አግቢኝ አልኳት። የቤት መንገዳችን ስለማይገጥም ውጭ አንገናኝም ነበር፤ እሷ ሴቶቹ በሚሳፈሩበት መኪና ትሄዳለች፣ እኔ በእግሬ ወደ ከዚራ። ቃል ከተግባባን በኋላ አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኳት። «ጌታሁን!» ብላ ጠራችኝ። ክው አልኩ። እኔ በልቤ የሰጠኋት ድምፅ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። የወጣው የካቦ ድምፅ ነው። ወፍራም፣ አዛዥ፣ ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን የሚሰማ። ዞር ብዬ ሌላ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ፈለግሁ። ከቃል መመለስ ነውር ነውና አገባኋት። ተመስገን፣ አልተጸጸትኩም፤ በከንፈር እስከምታወራ ድረስ።

መንግሥት ሲለወጥ ድሬን ለቀን በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባን። ልጃችን ማህሌት አራት ዓመቷ ነበር። «ነገሩ እስኪረጋ ነው» ብለን ነው የወጣነው። የማሽኔን ቁልፍ እንኳ ለጓደኛዬ ለግርማ «ጠብቅልኝ» ብዬ ሰጥቼው ነው የመጣሁት። እኔ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዕቃ ቤት ገባሁ፣ ጥሩነሽ ልብስ ስፌት ጀመረች፤ ነገሩ እስኪረጋ።

የከንፈሩን ወሬ ግን አልተውነውም። እንደውም ናይሮቢ ላይ ጠቀመን። የቤት አከራያችን ስትመጣ እፊቷ ቆመን እንመካከራለን። ቤተ ክርስቲያን እኔ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል ሆነን፣ የምሳውን ነገር ቅዳሴ መሃል እንጨርሳለን፤ እግዜር ይቅር ይበለን። አንድ ጊዜ ማታቱ ላይ እሷ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ተቀመጥን። በዚያ ሙዚቃ መሃል በከንፈር እየተጨቃጨቅን ስንሄድ ጎኗ የተቀመጠች ኬንያዊት አየችን። መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት መሰልናት። «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና»፣ አይዞሽ አይዞሽ እያለች የጥሩነሽን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች። ጥሩነሽም አላሳፈራትም፣ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ካሳራኒ ስንደርስ ግን ሾፌሩ ሊያልፈን ሆነ። ጥሩነሽ ብድግ ብላ በዚያ በካቦ ድምፅ «ሹኪሻ!» አለች፤ አውርደን ማለቷ ነው። ማታቱው ቀጥ አለ። ሴትየዋ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ሃሌሉያ!» ብላ ጮኸች። እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምትመሰክርብን ይመስለኛል።

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለን። ሽመና ላይ የድሩ ክር ከተበጠሰ ማሽኑ ይቆማል። ካቦ ቢቆጣም፣ ሰዓት ቢሄድም ይቆማል፤ ካልቆመ ጨርቁ እስከ መጨረሻው ይበላሻል። እኛም ስንጣላ ነገሩ ካለፈ አንዳችን እጅ አንስተን በከንፈር «ክር ተበጠሰ» እንላለን። ያን ጊዜ ሁለታችንም ዝም። ስንት ዓመት በዚህ ኖረናል። ልጅቷ ፊት እንኳ ስንጣላ ድምፅ ስለሌለ ምንም አታውቅም። አታውቅም ነበር መሰለኝ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ግርማ እዚያው ድሬ ቀርቶ ፋብሪካው ውስጥ ነበረ። ሞባይል ሲመጣ ሚስኮል ያደርግልኛል፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ። እያንዳንዱ ስልክ አንድ ድንጋጤ ነው። መጀመሪያ «ሦስተኛው ፈረቃ ቀረ» አለኝ። ሦስተኛው ፈረቃ! ድሬ ላይ ዶሮ እንኳ በሦስተኛው ፈረቃ ነበር የሚጮኸው። ከዚያ «ጡሩምባው ቆመ» አለኝ። ይሄን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በዚያ ጡሩምባ ነበር ከተማው የሚነሳው፣ ከተማው የሚበላው፣ ከተማው የሚተኛው። ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጡሩምባው ሲነፋ ዳቦውን ያወጣል፣ አለቀ። ጡሩምባው በቆመ ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ ዳቦው ከሰለ። ግርማ እንዳለኝ ያን ቀን ሠፈሩ በሙሉ የተቃጠለ ዳቦ በላ፤ አንድም ሰው አልተቆጣም።

በመጨረሻ «ማሽኖቹን ሸጧቸው» አለኝ። ለየትኛው ፋብሪካ አልኩት። ለፋብሪካ አይደለም፣ ለብረታ ብረት፣ በኪሎ አለኝ። በኪሎ! ሽንኩርት ነው በኪሎ የሚሸጠው። የኔንም? አልኩት። ቁልፉ ግን እኔ ጋ አለ፣ አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ያን ቀን ተስፋ ትቆርጡ ነበር። እኔ አልቆረጥኩም። አሮጌ ማሽን የሚሸጠው አዲስ ሊገባ ነው ብዬ ለጥሩነሽ ነገርኳት። እሷም አየችኝ። እራት ላይ ነበርን፤ ማህሌት መሃላችን ተቀምጣ ሩዟን ትበላለች። «ታዲያ ዘንድሮ እንመለሳለን?» አለችኝ በከንፈር። «ለፋሲካ» አልኳት በከንፈር። በየዓመቱ «ለፋሲካ» ነው የምላት። ልጅቷ ሰምታ ልቧ እንዳይንጠለጠል ብለን ነው በከንፈር የምናወራው። ጠንቃቃ ወላጆች ነን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉድ።

ማህሌት አደገች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች። አንድ ቀን «አባዬ፣ ዮናስ የሚባል ልጅ አለ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ ፕሊስ ሰው እንዳታስፈራ» አለችኝ። ዮናስ አየር ማረፊያ አውሮፕላን የሚጠግን ልጅ ነው። ጨዋ ነው ይባላል። አባትና እናቱ ሞተው አጎቱ ነው ያሳደገው፣ ቤተሰቡ የአስመራ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ናይሮቢ ቤት ገዝቷል። ቤት ገዝቷል ማለት አይነቃነቅም ማለት ነው። ልጄ እዚህ ካገባች እዚህ ትወልዳለች፤ እዚህ ከወለደች ጥሩነሽ የልጅ ልጇን ትታ ንቅንቅ አትልም፤ ጥሩነሽ ካልሄደች እኔ ለማን ነው ድሬ የምገባው? በአንድ ሠርግ ከተማዬን ልቀማ ነው። ስለዚህ በልቤ እምቢ ብዬ ጠበቅኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። አፈ ጉባዔው ጋሽ ዘሪሁን ነው፣ ኪሊማኒ ምግብ ቤት ያለው፣ ያለሱ ናይሮቢ ላይ ሰው አይጋባም፣ አይቀበርም። ሁለተኛው ዮናስ ከሥራ የሚያውቀው መሐንዲስ ነው፣ ስልኩን ደጋግሞ የሚያይ። ሦስተኛው ቄሱ ነበሩ መምጣት የነበረባቸው፤ የቲካ መንገድ መኪና አግቷቸው ቀሩ። በሳቸው ምትክ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አምጥተዋል። «አቶ ተክሌ ይባላሉ፣ የልጁ አጎት ናቸው፤ ሽማግሌ ሲያጥር አጎትም ሽማግሌ ይሆናል» አለ ጋሽ ዘሪሁን። ሰውየው በግራ እጃቸው ጨበጡኝ። በግራ!

እንደ ደንቡ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ እንደ ደንቡ ኧረ በእግዜር ብዬ ለመንኩ፤ እንደ ደንቡ ተቀመጡ። ረጅሙ ሶፋ ላይ አቶ ተክሌ መሃል ሆኑ። እኔ በግራ በኩል ወንበሬ ላይ ነኝ፣ ጥሩነሽ በቀኝ በኩል የማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። ማህሌት ደንቡ ስለሆነ ጓዳ ገብታለች። ጋሽ ዘሪሁን ጉሮሮውን ጠረገና ከአዳምና ሔዋን ጀመረ።

እኛም ሥራችንን ጀመርን።

«መሃል ያለው ሸሚዙ ካውያ አይቶ አያውቅም» አለች ጥሩነሽ በከንፈር።

«ኮቱ የውርስ ነው» አልኳት። ጋሽ ዘሪሁን አብርሃም ላይ ደርሷል፤ እኔ ወደሱ ዞሬ በአክብሮት አንገቴን እነቀንቃለሁ።

«ልጁስ ደህና ልጅ ነው» አለች።

«ደህና ነው። ግን ማሂን ለዚህ ከሰጠን ድሬን ደህና ሁኚ በያት።»

«መቼስ ሄደን ነው፣ አቦ!»

«ለፋሲካ!»

አቶ ተክሌ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደሷ ዞር ዞር ይላሉ፤ ፒንግ ፖንግ የሚመለከቱ ነው የሚመስለው። የአንገት ሕመም አለባቸው ብዬ አዘንኩ። ቀኝ እጃቸውን ግን አየሁት። ከገቡ ጀምሮ ከኮት ኪሳቸው አልወጣም። ሰው ሽምግልና መጥቶ እጁን ኪሱ ከቶ ይቀመጣል? ደሜ ፈላ።

«እጁን እይው» አልኳት ጥሩነሽን። «ንቀት ነው ይሄ! በግራ ጨበጠኝ፣ አሁን ደግሞ ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ እጅ ሥራ ምን እንደሆነ አያውቅም። ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰነፍ እጅ ነው። የኛ ፋብሪካ ቢመጣ ካቦው ከበር ነበር የሚመልሰው። የሥራ ሰው ያላሳደገውን ልጅ ምን እናደርገዋለን?»

ይሄን በከንፈር እያልኩ ለጋሽ ዘሪሁን ጮክ ብዬ «እግዜር ያክብርልኝ፣ ይቀጥሉ» አልኩት። ሁለቱን ባንድ አፍ መቻሌ ሁልጊዜ ያኮራኝ ነበር።

አቶ ተክሌ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ትንሿ ጣትና የቀለበቷ የሉም። ከሥር ተቆርጠዋል፣ ጠባሳው አሮጌ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ድምፅ የለም። ሰፋ ያለ፣ የጠራ፣ የሽመና ክፍል ከንፈር።

«ማሽን ወስዶብኝ ነው። በቀኝ ስጨብጥ ሰው ይደነግጥብኛል። ይቅርታ።»

ወዳጆቼ፣ እኔ ጦርነት አይቻለሁ። ሞያሌ ላይ በሌሊት ልጅ አዝዬ ድንበር ተሻግሬያለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን ደንግጬ አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ እኮ ከአፌም አልወጣም! ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፁን ዘግቼ የጣልኩት ስድብ ሁሉ አሁን ድንገት ተሰብስቦ የተከፈተ መሰለኝ። ስለ ካውያ ያወራነው፣ የውርስ ኮት ያልኩት፣ ሰነፍ እጅ! ሁለት ጣት የከፈለን እጅ ሰነፍ አልኩ።

ጥሩነሽ ቀድማኝ ነቃች። ድንጋጤዋን እንኳ በከንፈር ነው የደነገጠችው። «እርስዎ የት ነው የሠሩት?» አለቻቸው። ልብ በሉ፣ አንቱታ ጀመረች።

«አስመራ። ሽመና ክፍል፣ የማሽን መካኒክ። አማርኛውንም እዚያው ከካቦው ነው የለመድኩት።»

«ፋብሪካው አለ?» አልኳቸው እኔ። ይሄን ጠየቅሁ! ሰው ቤቱ እየተቃጠለ የጎረቤቱን ምድጃ ይጠይቃል?

«በር አለው» አሉ። «ጭስ ማውጫ አለው። ሰው የለውም።»

እኔ እኮ ያ ቋንቋ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የድሬ፣ የፋብሪካው፣ የነጥሩነሽ። ለካ ማሽን በጮኸበት አገር ሁሉ ሰው ከንፈሩን ተምሯል።

ጋሽ ዘሪሁን ይስሐቅ ላይ ቆመ። ሦስት ሰው ድምፅ ሳያወጣ አፉን ሲያላምጥ አይቶ ደነገጠ። መጀመሪያ የራሱን ጆሮ በጣቱ ጎርጎር አደረገ። ከዚያ «ጌታሁን፣ ምን ሆንክ? ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃ ስጡት እንጂ!» አለ። መሐንዲሱ ሐኪም ልጥራ ብሎ ስልኩን አወጣ።

አቶ ተክሌ ተነሱ። ድምፃቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ የተሰበረ፣ ዝግ ያለ። «በቃን፣ እንሂድ» አሉ። «እዚህ ቤት ጥያቄያችን ተሰምቷል፣ መልሱም ተነግሯል።»

«ማን መለሰ?» አለ ጋሽ ዘሪሁን። «እኔ ገና ጥያቄውን አልጨረስኩም!»

ሽማግሌ ተቀይሞ ከወጣ ነገሩ አበቃ። ዮናስ ያሳደገውን አጎት አስቀይሞ የሚያገባ ልጅ አይደለም፤ ማህሌትም ያን ልጅ ካጣች ለኔ ፊቷን የምታዞር አይደለችም። እምቢ ልል አልነበረም እንዴ የተዘጋጀሁት? ይኸው እምቢታዬ በራሱ እግር እየወጣ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ተነስቼ ልለምናቸው ፈለግሁ፤ በአፌ ልለምን ወይስ በከንፈሬ? የትኛው አፌ ነው የሚታመነው?

ገርበብ ብሎ የነበረው የጓዳው በር ወለል አለ። ማህሌት ወጣች። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅቷ ትወጣለች? ጋሽ ዘሪሁን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እሷ ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ወደ አቶ ተክሌ ዞራ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ የለም።

«ክር ተበጠሰ። ማሽን ይቁም።»

ልጄ ናት። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ናይሮቢ ያደገች፣ ፋብሪካ በሥዕል እንጂ በዓይኗ ያላየች። ሰፋ አድርጋ፣ አጥርታ፣ ዓይን ጨምራ፤ ልክ እንደ አራተኛው ረድፍ ሴት።

አቶ ተክሌ ቆመው ቀሩ። «ማን አስተማረሽ?» አሏት በከንፈር። በአገጯ ወደኔና ወደ እናቷ አመለከተች። «እነሱ እንዳስተማሩኝ አያውቁም» አለች። «አባቴ የሚናገረውን አይስሙ ጋሼ፤ ማሽኑን ሸጠውበት ነው።»

አቶ ተክሌ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ያን ቀኝ እጃቸውን አነሱና በሦስቱ ጣቶች አየር ላይ አንድ ነገር ሠሩ፤ ጠምዘዝ፣ ሾለክ፣ ጠበቅ። የተበጠሰ ክር መቀጠያዋ ቋጠሮ ናት። በአንድ እጅ፣ በሦስት ጣት። እኔ በአሥር ጣቴም እንደዚያ አልቋጠርኳትም። ከዚያ ተመልሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ብድግ ብዬ ያቺን ቀኝ እጅ በሁለት እጄ ያዝኩ። ስማት ስማት አለኝ፤ ሳምኳት። በድምፅ፣ በአፌ፣ ሁሉም እንዲሰማ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ። ጋሽ ዘሪሁን ከተቀመጠበት ተነሳ። «ምን ማለትህ ነው? እምቢ በል እንጂ! ዘመድ እንጠይቃለን፣ ከሳምንት በኋላ ኑ በል! ገና ያዕቆብ አለ፣ ራሔል አለች!» ሰውየው እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው፤ ንግግሩ ሳያልቅ የተሰጠችው ብቸኛ ሙሽራ የኔ ልጅ ናት።

ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ ማህሌትን ማድቤት ይዣት ገባሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ሳቀች። «አባዬ፣ ሲሪየስ ነህ? ሁሌ እኮ ነው!» ሁሉንም? «ሁሉንም።» አከራይዋን የሰደብነውን፣ ለልደቷ ብስክሌት አንችልም ያልነውን፣ በስምንተኛ ክፍል የሣለችውን የኔን ምስል ፍየል ይመስላል ብዬ የሳቅሁትን፤ ሁሉንም በተራ ቆጠረችልኝ። ጥሩነሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ካቦዋ ሚስቴ ድምፅ አጣች።

ከዚያ ማህሌት ሳቋን ተወችና ድንች መላጥ ጀመረች። «ሁለታችሁ 'ለፋሲካ' ስትባባሉ እኔ በየዓመቱ አሻንጉሊቴን በፌስታል ቋጥሬ አልጋዬ ሥር አስቀምጥ ነበር» አለች። «እንዳትረሱኝ። ሰባት ዓመቴ ላይ ፈታሁት። ሶሪ አባዬ፣ እኔ ከናንተ በፊት ነው ያወቅሁት።»

ማሽኖቹ በኪሎ ተሸጡ ሲሉኝ አላለቀስኩም። ጡሩምባው ቆመ ሲሉኝ አላለቀስኩም። ያቺን ፌስታል ሳስብ ግን ማድቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኛ ልቧ እንዳይንጠለጠል ብለን ነው ድምፃችንን ያጠፋነው። እሷ ደግሞ እኛ እንዳንሸማቀቅ ብላ አሥራ ስድስት ዓመት ዝም አለችን።

በማግስቱ ለግርማ ደወልኩለት። ቁልፉን ጣለው አልኩት። እሺ አለኝ። ኋላ ሲነግረኝ ግን አልጣለውም፤ የራሱም ቁልፍ ያለበት ቀለበት ላይ ነውና እጁ እምቢ አለው።

ሠርጉ ኪሊማኒ ጋሽ ዘሪሁን ቤት ሆነ። ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ያነቃንቃል፤ እንግዳው ሁሉ አንዱ በሌላው ጆሮ ላይ እየጮኸ ጉሮሮው ተዘጋ። እኔ በዚህ ጥግ፣ አቶ ተክሌ በዚያ ጥግ፣ ጥሩነሽ ወጡ ጋ፣ ሙሽሪት መድረኩ ላይ ሆነን ግን ስንጫወት ዋልን። አቶ ተክሌ የኛ ጡሩምባ ከናንተ ይበልጥ ነበር አሉ፤ እኔ አይበልጥም አልኩ፤ ከሃምሳ ሰው ራስ በላይ ተከራከርን። ያን ቀን ሽመና ክፍሉ ሥራ ገባ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ደስታ አንድ ነገር አበላሸብን። ምስጢር የምናወራበት ቦታ አጣን። ቤታችን ውስጥ አሁን አምስት ሰው ከንፈር ያነባል፤ አማቼ ዮናስ እንኳ ከሚስቱና ካጎቱ ለምዶ ጀምሯል። አማችን ማማት ደግሞ የሰው መብት ነው። ስለዚህ እኔና ጥሩነሽ መላ አገኘን። ሐሜት ሲያምረን ቅዳሜ ወደ መሃል ከተማ እንወርድና የቲካ መንገዱን ማታቱ እንሳፈራለን፤ ጯሂውን መርጠን። ድምፅ ማጉያው ላይ እንቀመጥና፣ ባለን ጉሮሮ ሁሉ፣ እሷ በካቦ ድምፅ፣ ካሳራኒ እስክንደርስ ጮኸን እናማለን። ማንም አይሰማን። እንቅልፌ ግን ቀረ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው ሽመና ክፍል አልሠራም። ምስጢር ያለው ይጩህ። እኔ የተያዝኩት ዝም ብዬ ነው።